ፊቱ የት ነው?

ቀለም እሸጣለሁ፣ ከወደቡ በላይ፤
ዓመቱን የሚያለቅስ የቺሎኤ ሰማይ
እንጨት እያራሰ፣ ቀለም እየላጠ
ለሌላው መዓት ነው፣ ለእኔ ሲሳይ ሰጠ።

ኤዱቪና ካርካሞን እዚህ የማያውቅ የለም፤
ጥር በገባ ቁጥር አንድ ጣሳ ቀለም።
"ቢጫ፣ የእንቁላል አስኳል፣ ያንኑ!" ትላለች፤
ሳንቲሙን ከመሐረብ ፈትታ ትቆጥራለች።

ቤቷ ውሃ ላይ ነው፣ በእንጨት እግር ቆሞ፤
ፊቱ ወደ መንገድ፣ ቢጫ ተቀልሞ፤
ጀርባው ወደ ባሕር፣ ጨው የጠገበ ሳንቃ፣
እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደርቦ በነፋስ የነቃ።
ወጋቸው ይኸው ነው፤ ቀለም ውድ ነውና
ሁሉም ፊት ይቀባል፤ ጀርባ ማን ያይና!

በየካቲት በዓል ኮሚቴ ይመጣል፣
ደብተሩን አቅፎ በር በር ይቃኛል፣
ለመስኮቱ ዳንቴል፣ ለደረጃው ንጣት፣
ለአበባው፣ ለእጀታው ነጥብ ሊሰጥበት።
ሦስት ዓመት በተርታ ሁለተኛ ወጣች፤
ዘንድሮ ግን ጥርሷን ነክሳ ተነሣች።

አሮጌውን ልጣጭ በቢላ ፋቀችው፤
የበሰበሰ ቅርፊት፣ አሥራ አንድ፣ ነቅላ ለወጠችው፤
በዘይት ቆርቆሮ አበባ ተከለች፣
የነሐስ እጀታውን በአመድ ወለወለች፤
የጎረቤት ድመት ደጇ ቢጋደም
አባረረችው፦ "ከበሩ ጋር አይሄድም!"

ውስጡን አትጠይቁኝ።
ጣሪያው ያፈሳል፤ ባልዲው ከምድጃው ዳር
ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል ሌሊቱን ሲቆጥር።
የቤት ቀጋ፣ የውጭ አልጋ ማለት ይህ ነበር።

ባሏ ቤላርሚኖ፣ ዓሣ አጥማጅ፣ ዝምተኛ፣
ቃል ሲያወጣ የሚያመው እንደ በሽተኛ።
ጠየቀችው ማታ፦ "አላማረም ወይ ፊቱ?"
ማንኪያውን አቆመና መለሰላት፦ "የቱ?"

"እኔ የምመጣው ከውሃ ነው ሁሌም፣
በኋላ መሰላል፤ ቢጫሽን አላይም።
በዚያ በፊት በር ሁለት ጊዜ አለፍኩ፤
ለሰርጋችን አንዴ፣ እናቴን ስቀብር አንዴ፤ ቆጠርኩ።
ጀርባው ሁሉ ግራጫ፤ ጉሙ ሲወርድበት
የእኔን ከሌላ ሰው የምለይበት
ምልክት የለኝም። አምና የኡሊሴስ ቤት
ገብቼ፣ ወንበር ስቤ፣ ሾርባ ቀድቼ ጠጣሁ፤
ጨው ሲበዛብኝ ነው ቤት መሳቴን ያወቅሁ።"

ኤዱቪና ዝም።
በነጋታው መጣች፤ ቢጫ አልጠየቀችም።
"ከየጣሳው ግርጌ የቀረ የለህም?"
የቤተ ክርስቲያን ቀይ፣ የጀልባ አረንጓዴ፣
የትምህርት ቤት ሰማያዊ፤ ገለበጥኩት ባንዴ።
በዱላ ሳማስለው አንድ መልክ ወጣለት፣
በሠንጠረዤ ላይ ስም ያላገኘሁለት።
ዋጋውን በግማሽ። (ነጋዴ ነኝ እኮ፤ ታዲያ ምናለበት?)

ውሃው እስኪሸሽ ድረስ መስኮት ላይ ጠበቀች፤
የባሏን ቦቲ አጥልቃ ጭቃው ላይ ወረደች፤
መሰላሉ እየሰመጠ፣ እሷ እየወጣች።
ባሕሩ ለስድስት ሰዓት ነው መሬቱን ያበደረው፤
ብሩሹን ያስጣላት ጉልበቷን ሲነካው ነው።
ከላይ፣ በግራ በኩል፣ አንድ ጥግ ቀረ፤
ባልዲውም ነጠፈ፣ ቀኑም ጠቆረ።

ኮሚቴው በማግሥቱ ቢጫው በር ላይ ያየው
አምስት የጣት አሻራ፣ ስም የለሽ ቀለም ነው።
ነጥብ ቀነሱባት፤ ስድስተኛ ወጣች።
እሷ ግን ያን ሰዓት በጓሮ በኩል ነበረች።

ጉም ነበር፣ የሳሳ። ሞተሩን ሰማሁ፤
ከሱቄ በራፍ ላይ ቁልቁል አየዋለሁ።
መሐል ውሃ ላይ፣ ገና ሳይደርስ፣ አጠፋው።
ቆመ። ረጅም ጊዜ።
ያለውን አልሰማሁም፤ ሩቅ ነው።

ሳምንት ሳይሞላ ግን ራሱ ወደ እኔ መጣ፣
ቆቡን በእጁ ይዞ፣ ቃል አምጦ ሲያወጣ፦
"ለቀረችው ጥግ ነው። ያንኑ ቀለም ስጠኝ።"
"ድብልቅ ነበረ፤ እሱን ከየት ላግኝ?"
"የሚመስለውን" አለ። ሰጠሁት፤ አልመሰለ።
ጥጉ እስከ ዛሬ ድረስ ሌላ ነው፣ እንዳለ።

ጣሪያው? እንደ ድሮው ያፈሳል ሲዘንብ፤
የእኔው የቀለም ባልዲ ነው ዛሬ የሚቀልብ።